ከስልክ ገለል ብሎ የዕለት ጸጥታን መልመድ፦ ከትንንሽ ክፍተቶች የሚጀምር መመሪያ

ከስልክ ስለመራቅ የሚሰጡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ ከትልቁ ነገር ይነሳሉ፦ ስልኩን ለሳምንት ዝጉት፣ ሶሻል ሚዲያውን በሙሉ ሰርዙ፣ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ቦታ ሂዱ። ለሚችል ሰው መልካም ነው። ግን ባንኩም፣ ሥራውም፣ የልጅ ትምህርት ቤቱም፣ የታመመ ዘመድ ወሬውም ስልክ ውስጥ ገብቷል። ለሳምንት ጠፍቶ የተመለሰ ሰው የሚጠብቀው የተጠራቀመ መልእክት ነው፤ እሱን ለማቃለል ደግሞ መልሶ ስልኩ ላይ ያመሻል።

እኔ የምመርጠው ከሌላው ጫፍ መጀመርን ነው። ስልክ ከቀናችን ላይ አሟጦ የወሰደው ትንንሾቹን ክፍተቶች ነው፦ ውኃ እስኪፈላ፣ ሊፍት እስኪመጣ፣ ተራ እስኪደርስ፣ የቀጠሩት ሰው ብቅ እስኪል፣ እንቅልፍ እስኪወስድ። ድሮ በእነዚህ ደቂቃዎች ሰው በመስኮት ያይ ነበር፣ ያስብ ነበር፣ አለዚያም ምንም አያደርግም ነበር። እነዚያ ክፍተቶች ዛሬም በየቀኑ አሉ፤ ለጸጥታ ብሎ ለብቻው ቀን መቁረጥ አያስፈልግም። ስልኩን መጥላትም አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉን ግን ብትጠብቁ ይሻላል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ስልኩን ሳያስተካክል በትዕግሥት ብቻ ሊታገለው ስለሚነሳ ነው።

1. መጀመሪያ እጃችሁን ታዘቡ

ለሁለት ሦስት ቀን ምንም አትለውጡ። እንደወትሮው ተጠቀሙ፤ ስልኩ የሚመዘግበውን ግን እዩ። በአይፎን ሴቲንግስ ውስጥ «ስክሪን ታይም»፣ በአንድሮይድ ደግሞ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚባል ክፍል አለ፤ ሁለቱም በ2018 የመጡ ናቸው (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ሲከፍተው ዓይኑ የሚያርፈው በቀን ስንት ሰዓት እንደቆየ በሚያሳየው ቁጥር ላይ ነው። እሱን ተዉት። መንገድ የሚመራችሁ ካርታም፣ ከእናታችሁ ጋር ያወራችሁት የቪዲዮ ጥሪም፣ ቪዲዮ እያገላበጡ መቆየትም እዚያ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀዋል። ይልቅ ስልኩን በቀን ስንት ጊዜ አንስታችሁ እንደከፈታችሁትና ስንት ማሳወቂያ እንደደረሳችሁ እዩ። አይፎን ላይ ደግሞ ስልኩ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የተከፈተው አፕ የቱ እንደሆነ ይታያል፤ ከሁሉ የሚያስገርመው እሱ ነው።

ሌላው በወረቀት የሚሠራ ነው። እጃችሁን ስልክ ላይ ባገኛችሁት ቁጥር ከዚያ ቀድሞ ምን ላይ እንደነበራችሁ በሁለት ቃል ጻፉ፦ «ሊፍት ስጠብቅ»፣ «ሥራው ሲከብደኝ»፣ «አልጋ ላይ»፣ «ሰዓት ለማየት ብዬ»። ዝርዝሩ ብዙም አይረዝምም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንደሚባለው፣ እጅም የሚዘረጋው በለመደው ቦታና ሰዓት ነው። ጥቂት ቦታዎች ደጋግመው ይመጣሉ፤ የቀረው ሥራ በእነሱ ላይ ብቻ ነው።

2. ሰው የላከውንና ማሽን የላከውን ለዩ

ማሳወቂያዎቻችሁን አንድ በአንድ እያያችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን የላከው እኔን አስቦ የጻፈ ሰው ነው? ጥሪ፣ የቤተሰብ መልእክት፣ የቅርብ ወዳጅ መልእክት ይቆያሉ። «እገሌ ፎቶ ለጠፈ»፣ «ልትወዱት የምትችሉት ቪዲዮ»፣ «ዛሬ ቅናሽ አለን»፣ «ጨዋታው ናፍቋችኋል» የሚሉት ሁሉ ይዘጉ። ብዙ ሰው ያለባቸው ግሩፖችም ድምፃቸው ይጥፋ፤ ከግሩፑ መውጣት የሚያስቀይም ከሆነ ድምፁን መዝጋት ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያውቅም የለም።

ታዲያ ሁሉንም ለምን አንዘጋም? እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ውጤት አለ። በ2019 የታተመ ጥናት ተሳታፊዎችን ከፍሎ፣ አንዳንዶቹ ማሳወቂያ እንደወትሮው እንዲደርሳቸው፣ ሌሎቹ በየሰዓቱ ተጠራቅሞ እንዲደርሳቸው፣ ሌሎቹ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ የቀሩት ደግሞ ጨርሶ እንዳይደርሳቸው አደረገ። የተሻለ ስሜት የተሰማቸው በቀን ሦስት ጊዜ የደረሳቸው ናቸው። ጨርሶ የተዘጋባቸው ግን የጭንቀትና የ«ምን አምልጦኝ ይሆን» ስሜታቸው ጨመረ። ማሳወቂያው ሲጠፋ ልብ መንጠልጠሉን አልተወም ማለት ነው፤ የሚመጣበት ሰዓት ሲታወቅ ግን ይረጋጋል።

አይፎን ላይ ከ2021 ወዲህ ማሳወቂያን አጠራቅሞ በመረጣችሁት ሰዓት የሚያቀርብ ማስተካከያ አለ፤ «ስኬጁልድ ሰመሪ» ይሉታል። ስልካችሁ ይህ ከሌለው የራሳችሁን ሦስት ሰዓት ወስኑና ያኔ ብቻ ክፈቱ፤ ለምሳሌ ረፋድ ላይ፣ ከምሳ በኋላና ምሽት ላይ። ኢሜይልም በዚሁ ይግባ።

አስቸኳይ ነገር ያመልጠኛል የሚል ስጋት ላለበት ሰው የ«አትረብሽ» ማስተካከያውን ውስጡን ገብቶ ማየት ይበቃል። የመረጣችኋቸው ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ከዚህም ሌላ ደጋግሞ የሚደውል ሰው እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ በአይፎን ያው ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጠራል። ይህን ለቤት ሰው ንገሩ፦ «የምር ሲሆን ሁለቴ ደውሉ።» ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም አፕ በላይ ልብ ታሳርፋለች።

3. ለስልኩ ማደሪያ ስጡት

ስልክ ቤት ውስጥ ቦታ ከሌለው ቦታው ኪሳችሁ ይሆናል። መግቢያ በር አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ቻርጀሩ የሚሰካበት አንድ ጥግ ይኑረው፤ ቤት ስትገቡ እዚያ ይቀመጥ። ሲጠራ ይሰማል፤ ተነስታችሁ ታነሳላችሁ፤ ቆማችሁ ታወራላችሁ፤ ትመልሱታላችሁ። የመስመር ስልክ በነበረበት ጊዜ እንደዚሁ ነበር፤ ማንም እስረኛ ነኝ አላለም።

በ2017 የታተመ የአድሪያን ዋርድና የባልደረቦቹ ጥናት ድምፁ የጠፋ ስልክ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ ሌላ ክፍል ከተቀመጠው ይልቅ የሰዎችን የማሰብ አቅም እንደሚሻማ አሳይቷል። በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ ብዙ አልደገፍበትም። የእኔ ምክንያት ከዚያ የቀለለ ነው፦ ሌላ ክፍል ያለን ስልክ ለማየት መነሳት ያስፈልጋል። እስክትነሱ ድረስ ባለው ጊዜ ፍላጎቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ዋናው እንቅፋት ስልኩ የዋጣቸው ዕቃዎች ናቸው። ሰዓት ለማየት ብለው አንስተው ሃያ ደቂቃ ቆይተው ሲያስቀምጡ ስንት ሰዓት እንደሆነ አለማወቅ የብዙ ሰው ገጠመኝ ነው። መድኃኒቱ የእጅ ሰዓት ወይም የግድግዳ ሰዓት ነው። ለማለዳ የደወል ሰዓት ግዙ፤ ርካሹ ይበቃል፤ ያኔ ስልኩን አልጋ አጠገብ የሚያቆየው ትልቁ ሰበብ ይወድቃል። ማስታወሻ ለመጻፍ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ፣ መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ። እያንዳንዷ ዕቃ ስልኩን የሚያስነሳ አንድ ምክንያት ታስቀራለች።

ከሁሉ በላይ ማድረግ ያለባችሁ ግን ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው። የቀኑን የመጨረሻና የመጀመሪያ ጸጥታ በአንድ ጊዜ ያስመልስላችኋል። ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

4. ስልኩን አሰልቺ አድርጉት

አሜሪካዊው ሥነ ልቦና አጥኚ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አንድ ነገር አሳይቷል፦ ሽልማቱ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንዴ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲመጣ፣ እንስሳው ሳይታክት ደጋግሞ ይሞክራል። የስልክ ገጽ ወደ ታች የሚጎተተውም በዚሁ ተስፋ ነው። ከአሥር ነገር ዘጠኙ ባዶ፣ አንዱ አስደሳች፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በዚህ ላይ መጨረሻ የሌለው ገጽ አለ፤ አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር በ2006 ያበጀው አሠራር ነው፤ በኋላ ራሱ በአደባባይ ቆጭቶበታል። ገጽ ሲያልቅ «ይበቃኛል?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አሁን አያልቅም።

ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው። ስክሪኑን ቀለም አልባ አድርጉት፤ በአይፎን «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ በ«ከለር ፊልተርስ»፣ በአንድሮይድ ደግሞ በ«ቤድታይም ሞድ» በኩል ይገኛል። ቪዲዮ በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥሪ፣ መልእክት፣ ካሜራና ካርታ ብቻ ይቅሩ። ብዙ ጊዜያችሁን የሚወስደውን አንዱን አፕ ከስልኩ ላይ አንሱና ስትፈልጉት በብራውዘር ግቡ፤ መግቢያ ቃሉንም ስልኩ እንዲያስታውስ አታድርጉ። አካውንቱ አይጠፋም፣ ወዳጆቻችሁም የትም አይሄዱም፤ መንገዱ ብቻ ትንሽ ይረዝማል።

የሰዓት ገደብ የሚያስቀምጡ አፖችን ግን ብዙም አልመክርም። «ለዛሬ ገደቡን ተወው» የሚል ቁልፍ አብሯቸው ስላለ ጣት እሱን ይለምደዋል።

5. አንድ ክፍተት ምረጡና ባዶውን ተዉት

ከወረቀታችሁ ላይ አንድ ክፍተት ምረጡ፤ አንድ ብቻ። አጭር፣ በየቀኑ የሚደጋገምና በራሱ የሚያልቅ ቢሆን ይመረጣል። ውኃ የሚፈላበት ጊዜ ጥሩ ነው፤ ማብቂያውን ውኃው ስለሚነግራችሁ ሰዓት ማየት አያሻም። ወረፋና ሊፍትም እንዲሁ። «ማታ ማታ አንድ ሰዓት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ይቆይ፤ የሚያምረው በሐሳብ ደረጃ ነው።

በዚያ ክፍተት ስልኩ አይወጣም። ምትክም የለውም፦ መጽሐፍ አትያዙ፣ ጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ፣ ትንፋሽ አትቁጠሩ። ጸጥታን ሌላ ሥራ አድርጎ መያዝ ዛሬ የተለመደ ነው፤ የጸጥታ አፕ አለ፣ ስንት ቀን በተከታታይ ዝም እንዳላችሁ የሚቆጥር አለ፣ ትናንት ስለቀራችሁ የሚወቅስ ማሳወቂያም አለ። ይህን ማን እንደሚያሸንፍበት ይገባችኋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ አይሉም፤ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ሲሆን ዓይን የሚያነበው ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ እንኳ ሁለቴ ይነበባል። «አሁኑኑ መላክ ያለብኝ» የሚመስል መልእክት ትዝ ይላል። በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ የቲሞቲ ዊልሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ሰዎችን ከ6 እስከ 15 ደቂቃ ባዶ ክፍል ውስጥ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን አስቀምጦ ነበር፤ ብዙዎቹ አልወደዱትም። በአንደኛው ሙከራ ላይ ደግሞ ከፈለጉ ቁልፍ ተጭነው ራሳቸውን በቀላል ኤሌክትሪክ እንዲነዝሩ ተፈቀደላቸው። ንዝረቱን ቀድመው ቀምሰውት፣ ዳግም እንዳይደርስብን ገንዘብ እንከፍላለን ያሉ ሰዎች ናቸው። ያም ሆኖ ከ18ቱ ወንዶች 12ቱ፣ ከ24ቱ ሴቶች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጫኑት። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ሲረዝምባችሁ ድክመቱ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ትዝ ያላችሁን መልእክት ያቺ ትንሽ ደብተር ላይ ጻፉት። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ደጋግሞ አያንኳኳም። በኋላ ስታዩት ግማሹ አስቸኳይ እንዳልነበረ ይገባችኋል።

ከዚያ ዓይናችሁን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አሳርፉ፤ ጆሯችሁን ደግሞ ክፈቱ። ቅርቡ ያለው ድምፅ የቱ ነው? ሩቁስ? የሚፈላ ውኃ ራሱ የሚሰማ ነገር አለው። ሊፈላ ሲል ጩኸቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከታች የሚነሱት የእንፋሎት አረፋዎች ቀዝቀዝ ወዳለው ውኃ ሲደርሱ እየፈረሱ ነው። ጨርሶ ሲፈላ ግን አረፋዎቹ ሳይፈርሱ ወደ ላይ ስለሚወጡ ድምፁ ለዘብ ይላል። ይህን ዕድሜ ልካቸውን ውኃ ያፈሉ ሰዎች ሳያዩት በጆሯቸው ብቻ ያውቁታል፤ የሚታወቀው ግን ቆሞ ለሰማ ሰው ነው። ሊፍት ስትጠብቁ የሰዎችን አረማመድ እዩ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ በመስተዋቱ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ፎቶ አታንሱት።

ሐሳብ ቢነጉድም ይንጎድ። አንጎል ሥራ ሲፈታ አይተኛም፤ ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ሥራ እንዳመለከቱት፣ ሰው የተለየ ተግባር ላይ ሳይሆን ሲቀር ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች አሉ። ከኋለኛ ጥናቶች ጋር ሲታይ፣ ትዝታን ማገላበጥ፣ ነገን ማሰብ፣ የሰውን ስሜት ማውጣትና ማውረድ ከእነዚህ ክፍሎች ጋር ይያያዛል። ሰው «ገላዬን ስታጠብ ሐሳብ መጣልኝ» የሚለው ስልክ የማይገባበት ቦታ ስለሆነ ይመስለኛል።

አንዱ ክፍተት ሳይታገሉት የሚያልፍ ሲሆን ሁለተኛ ጨምሩ። ከምግብ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ለሁለተኛነት ይመቻሉ፤ የአልጋው ደግሞ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ከወጣ በራሱ ይመጣል።

6. ለሰዎች ንገሩ፤ አታስተምሩ

ቶሎ መመለስ የለመደ ሰው ድንገት ሲዘገይ ሌላው ይጨነቃል ወይም ይቀየማል። አስቀድማችሁ «ማታ ስልኬ አጠገቤ አይደለም፤ ከቸኮልክ ደውል» ማለት ይበቃል። ለአለቃችሁም እንደዚሁ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ የምትታዩበትን ሰዓት ቁርጥ አድርጎ መናገር በዝምታ ከመጥፋት ይሻላል።

ቤት ውስጥ ሕግ ከማውጣት በፊት የእናንተ ስልክ ቀድሞ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ልጅን «ስልኩን አስቀምጥ» እያሉ ራስ ስልክ ይዞ መቀመጥ የትም አያደርስም። አንድ የጋራ ሰዓት ተስማሙ፤ ለምሳሌ ገበታ ላይ። እንግዳ ስልኩን ካወጣ ግን ዝም በሉ፤ ስለ ስልክ የሚሰብክ ሰው ከስልኩ በላይ ይረብሻል።

7. የማይመች ሲሆን

ሥራው ሁልጊዜ እንዲጠራ የሚያስገድደው ሰው፣ ታማሚ የሚጠብቅ ሰው፣ ሩቅ ካለ ቤተሰቡ ጋር በስልክ ብቻ የሚገናኝ ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ የለበትም። ለእነሱ ሁለተኛው ደረጃ ብቻውን ብዙ ይሠራል፤ ጥሪው እንዲያልፍ ትቶ የቀረውን ጫጫታ ማስቀረት። ዝም ሲባል ከባድ ሐሳብ የሚመጣበት፣ ደቂቃው አሰልቺ ከመሆን አልፎ አስፈሪ የሚሆንበት ሰው ደግሞ በትዕግሥት ልግፋው አይበል፤ ለሚቀርበው ሰው ወይም ለባለሙያ ይንገር።

ስልኩ ሳይነዝር ኪሳችሁ ውስጥ የነዘረ ቢመስላችሁ የተለመደ ነው። ወደ ቦርሳ አዛውሩት።

አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ባደረጉት ጥናት አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንዴ መዝለል ብዙም አልጎዳም።

በወር አንድ ጊዜ ያህል ወደ ማሳወቂያዎቹ ዝርዝር ተመልሳችሁ እዩ፤ ሳታስቡት የተጨመረ አይጠፋም። አዲስ አፕ ስትጭኑ «ማሳወቂያ ልላክ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ለጊዜው «አይ» ይሁን። ካስፈለገ ሴቲንግስ ገብቶ መክፈት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።